ማንጎ በመጥበሻ፦ ለእታለም

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም፣
ባህር ዳር

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እማዬስ? እግሯን ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናንተ ዘንድ ክረምቱ ገብቷል፤ እዚህ ዴንቨር ግን ሐምሌ ፀሐዩ የሚበረታበት ወር ነው።

በስልክ ያነሣሽውን ነገር ረጋ ብዬ ልመልስልሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። እኔ የምሠራበት ቁርስ ቤት ፍራፍሬ ከድንችና ከእንቁላል ጋር ይጠበሳል ስልሽ «ከሽንኩርት ጋር?» ብለሽ ደነገጥሽ። እታለም፣ ልጆች ሳለን ያልበሰለ ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ እንበላ አልነበር? ይህም ከዚያ የራቀ አይደለም። ጣፈጥና ኮምጠጥ ያለው ፍሬ የዘይቱን ክብደት ይሰብረዋል፤ ድንቹ አይሰለችም፣ እንቁላሉም አፍ ላይ ቀለል ይላል። እዚህ በዚህ ወር ፓሊሴድ ከምትባል ከተማ የሚመጣ ኮክ እንጨምራለን፤ ብርዱ ሲጀምር ደግሞ ፖም። አንቺ ግን ማንጎ አለሽ፤ ለዚህ ምግብ እኔ ከፖም ማንጎን አስበልጣለሁ።

ብቻ እጅግ የበሰለውን አትውሰጂ። ቢጫ መሆን ጀምሮ ሲጫኑት የማይረግበውን ምረጪ። የበሰለው ውሃውን ለቅቆ ድንቹን ያረጥበዋል። ፓፓያም እንዲሁ ነው፤ እሱን ለጭማቂ ተዪው።

ዋናው ሥራ ድንቹ ነው። ከአዊ ደጋ የሚመጣውን ጠንካራውን ግዢ። ሳትልጪው በደንብ እጠቢና አነስ አነስ አድርገሽ ከትፈሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ዘፍዝፊው። ውሃው ይደፈርሳል፤ ያ ስታርች የሚባለው የድንቹ ዱቄት ነው፣ ካልታጠበ ድንቹ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው፤ እርጥብ ድንች በእንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ቀድሞ ቀቀል የሚያደርገውም አለ። እንደዚያ ካደረግሽ ከኢንተርኔት ያገኘሽውን ደቂቃ አትመኚው። ዴንቨር 1,600 ሜትር፣ ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 94 ወይም 95 ላይ ይፈላል፤ ድንቹም ባሕር ዳርቻ ካሉት አገሮች ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። ሁለቱ ከተሞቼ በዚህ መመሳሰላቸው ደስ ይለኛል። እዚህ ያገኘሁት ልክ እዚያም ይሠራልሻል።

ወፍራሙን የብረት መጥበሻ በደንብ አግይው፣ ዘይት ጨምሪ፣ ድንቹን ሳይደራረብ ዘርጊውና ተዪው። አታማስዪው! ወጥ የለመደ እጅ እዚህ ላይ መታገሥ አለበት። ሥሩ ቡናማ ሲሆን ብቻ ገልብጪው። ድንቹ ሊበስል ሲል ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ደግሞ ማንጎው ይግባ። ማንጎ ስኳር ስላለው ቶሎ ያርራል፤ ለዚህ ነው የምናስቆየው። ጨው፣ ቆንጠር ያለ ሚጥሚጣ፣ ከእማዬ ንጥር ቅቤ አንድ ማንኪያ። ኮሰረት ያለበት ቅቤ እዚህ መጥበሻ ውስጥ ቢገባ ቁርስ ቤቱ በሙሉ ይታወድ ነበር እያልኩ ሁሌ አስባለሁ። በመጨረሻ ድንቹን ገለጥ ገለጥ አድርገሽ እንቁላሉን በየቦታው ስበሪበት፣ እሳቱን ቀንሰሽ ክደኚው፤ ነጩም አስኳሉም እስኪረጋ ጠብቂ። ከዘጌ የሚመጣው ሎሚ ካለሽ ጠብ አድርጊበት። ከነመጥበሻው፣ ከዳቦ ጋር አቅርቢው።

ፍልሰታ ሲገባ እንቁላሉንና ቅቤውን ትተሽ በዘይት ብቻ ሥሪው፤ ማንጎና ድንቹ ለብቻቸውም ይጣፍጣሉ። ይህን የምልሽ ለአንቺ ቁርስ ቤት ስለማስብ ነው። ጾም ሲሆን የእንቁላል ፍርፍር የሚለምዱት ደንበኞችሽ ፉል ብቻ ሲቀርባቸው ቅር እንደሚላቸው ነግረሽኛል። ይኸኛው ለሁለቱም ጊዜ ይሆናል፣ ከገበያ የማይገኝ ነገርም የለበትም። መጀመሪያ ለባጃጅ ሾፌሮቹ አቅምሺያቸው፤ እነሱ እውነቱን ይነግሩሻል። ከወደዱት ማንጎው ከገበያ ሳይጠፋ ጀምሪው።

የመጥበሻ መግዣ በሚቀጥለው ሳምንት እልክልሻለሁ፤ ከባዱንና ክዳን ያለውን ግዢ። ለእማዬ ስትሠሪላት ሚጥሚጣውን ተዪላት፤ ጨጓራዋን ያማታል። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ናፋቂሽ፣ ታናሽ ወንድምሽ
ከዴንቨር