ክራሩን እንዳትሰቅለው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጎንደርም እንደምታውቃት ናት። ሳንጻጻፍ ብዙ ቆየን፣ ግን ያችን የመጨረሻ ጥያቄህን አልረሳኋትም። «ሙዚቃ በኦንላይን ተምሮ እንጀራ ይበላበታል ወይ?» ብለኸኝ ነበር። ያኔ የምመልሰው አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

ይበላበታል። ግን ብዙ ሰው በሚያስበው በኩል አይደለም።

ሰው ኦንላይን ሲባል ክራር መደርደር ወይ ፒያኖ መምታት የምንማር ይመስለዋል። ቪዲዮ ላይ ያለ መምህር ግን ጣትህ ሲጣመም አያይህም። እዚህ አዝማሪ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ነው የሚያሳድገው። የበዓታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም (የዝማሬና የዝማሜ ትምህርት) ተማሪም መሪጌታው ፊት ዓመታት ቆሞ ነው መቋሚያና ጽናጽሉን እጁ የሚለምደው። ይኼን የሚተካ ኢንተርኔት የለም። ኦንላይን የሚሰጥህ እኛ ጋ ማንም ቁጭ አድርጎ ያላስተማረንን ነው። ቀረጻ፣ ሚክሲንግ (የተቀረጹ ድምፆችን ማመጣጠን)፣ ውል፣ መብት።

እኔ የጀመርኩት ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ላይ ባሉት የበርክሊ ኮርሶች ነው። በርክሊ ሙላቱ አስታጥቄ የተማሩበት የቦስተኑ ኮሌጅ ነው። ሙሉ ዲግሪም በኦንላይን ይሰጣል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። አጫጭሮቹ ይበቁሃል። መክፈል ካልቻልክ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አለ፣ ለምን መማር እንደፈለግህ ከልብህ ጻፍላቸው። ኔት ሌሊት ሲሻል ቪዲዮውን አውርደህ ቀን ማየት ነው፣ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። በዙም ማሲንቆ ስታሰማ ድምፁ እየተቆራረጠ ይጠፋል፣ እኛም ኔቱን እንረግማለን። ዙም ግን የተሠራው ለንግግር ነው። ረዘም ብሎ የሚቆይ ድምፅ ሲሰማ እንደ ቬንትሌተር ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል። ኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ለሙዚቀኞች የተዘጋጀ ኦሪጅናል ሳውንድ የሚባል አለ፣ እሱን ስታበራው ማሲንቆው ይመለሳል። ድምፁ በኔት ሲሄድ መዘግየቱ ግን አይቀርም። ስለዚህ አብሮ መጫወት አይታሰብም፣ ተራ በተራ ነው።

ክረምት ላይ አንድ አዝማሪ ቤቴ አምጥቼ ቀረጽኩ። ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቀልን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አቁመን ጠበቅን። ማይኩን ወደ ማሲንቆው ቆዳ ሳስጠጋው ድምፁ ጎላ፣ ግን የፈረስ ጭራ ከፈረስ ጭራ ጋር ሲፋተግ ጆሮ ይቧጥጣል። ራቅ አድርጌ ወደ ጎን ሳዞረው ለሰለሰ። እስከዚህ ድረስ ኮርሱ ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ከዚያ ድምፅ የሚያስተካክለውን ሶፍትዌር ከፈትኩ። የአምባሰልን ቅኝት በፒያኖ ስንጽፈው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው አይደል? አዝማሪው ግን ያችን ሁለተኛዋን ድምፅ ፒያኖው ካስቀመጣት ቦታ ላይ አያሳርፋትም። ሶፍትዌሩ ጎትቶ ወደ ፒያኖው ወሰዳት። ንጹሕ ሆነች፣ አምባሰሉ ግን ጠፋ። አጠፋሁትና እንዳለ ተውኩት። ይኼን የሚወስን ጆሮ በኮርስ አይገኝም፣ አንተ ግን አለህ። ምቱም እንደዚያው ነው። አብዛኛው ፕሮግራም ሲከፈት 4/4 ሆኖ ነው የሚጠብቅህ፣ የእኛ ከበሮና ጭብጨባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 6/8 ላይ ነው የሚቀመጠው። መጀመሪያ እሱን ቀይር።

ከሁሉም በላይ ዓይኔን የገለጠልኝ ግን የመብት ትምህርቱ ነው። አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። ግጥምና ዜማው አንድ፣ የተቀረጸው ድምፅ ሌላ። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ተለይቶ ተቀምጧል። የደራሲው መብት ዕድሜ ልኩን፣ ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የሚጫወተውም፣ ቀረጻውን ያሠራውም የየራሳቸው መብት አላቸው። እኔ ያቀናበርኩት የሠርግ ዘፈን ስሜ ሳይጠቀስ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ጠየቅኩ፣ «ተከፍሎሃል አይደል?» ነው የተባልኩት። በጣም ነው ያንገበገበኝ። የኔስ ይሁን፣ ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ሲያፈልቁ ኖረው ስማቸው የትም ያልተጻፈ ስንት አዝማሪዎች አሉ! አሁን ከስቱዲዮ ሳንወጣ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ከነድርሻው በመቶኛ ወረቀት ላይ አስፍረን እንፈርማለን። ለቅጂው ደግሞ አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለ። ዘፈኑን ወደ ስትሪሚንግ የሚያስገባልህ አከፋፋይ ይሰጥሃል። ስጠኝ በለው፣ መዝግበህም ያዘው።

ሥራህን ልቀቅ አልልህም። ማታ ማታ ጀምር። ዘፋኝ መሆን ብቻ አይደለም መንገዱ፣ ቀራጭም፣ አቀናባሪም፣ ለፊልም ሙዚቃ የሚሠራም፣ ውል የሚያነብ ማናጀርም ይፈለጋል። ዕቃ ለመግዛት አትቸኩል፣ ደህና ሄድፎን ይቅደም። ከመቅረጫ ፕሮግራሞች ኦዳሲቲ ነጻ ነው። ሪፐር ደግሞ 60 ቀን በነጻ ይሞከራል፣ ከዚያ ለግል ተጠቃሚ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው።

ክራሩን ሰቅሎታል ሲሉኝ ግን ከልቤ አዘንኩ። አውርደው እባክህ። በትዝታ ቃኘው፣ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) ጆሮህ ውስጥ አድርገህ ተጫወትና ቅዳው። ስትልክልኝ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አይሁን፣ ጨምቆ ያበላሸዋል። ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) አድርገህ፣ 48 ኪሎኸርዝ 24 ቢት፣ በፋይል ላክልኝ። እኔ ከዚህ ማሲንቆውን እጨምርበታለሁ። ድርሻችንንም አሁኑኑ እንጻፈው፣ ክራሩ የአንተ፣ ቅጂው የሁለታችን። ጥምቀት ላይ ከመጣህ ደግሞ ቤቴ ነው የምታርፈው።

እማማን ሳምልኝ።

ወንድምህ፣ ከጎንደር