ለወንድሜ፦ ስለ ሲቪህና ስለ ሠርግህ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣
ቱሉ ዲምቱ

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራውም አይከብደኝም፣ የጀርመንን ብርድም ለምጄዋለሁ፤ ስለ እኔ አታስቡ። ዛሬ የላክሁት ገንዘብ ለእማዬ የደም ግፊት መድኃኒትና ለቤት ኪራዩ ነው። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ግን ባለፈው በስልክ የነገርኸኝ ጉዳይ ነው፦ የፋብሪካው ውል ካለቀ በኋላ ስትጠብቀው የነበረው የጥራት ተቆጣጣሪነት ማስታወቂያ ወጣ፣ ለምዝገባ የተሰጠው 7 የሥራ ቀን ብቻ ነበር፣ አንተም ሲቪ ስታስጽፍና ለሥራ ልምድ ማስረጃ ገላን ስትመላለስ ቀኑ አለፈ፤ በዚህም የተነሳ ሽማግሌ መላኩን አስተላለፍኸው።

የላክህልኝን የድሮ ሲቪህን ማታ ከሥራ ስመለስ አነበብሁት። አድራሻው ላይ «ቱሉ ዲምቱ» የሚለው ጋ ስደርስ ማንበቡን ትቼ ቆየሁ፤ ከፈጣን መንገዱ መግቢያ ወዲህ ያለው አቧራ፣ እማዬ በረንዳው ላይ የምታሰጣው በርበሬ፣ ጠዋት ጠዋት የታክሲ ረዳቶቹ «ቃሊቲ፣ ቃሊቲ» የሚሉት ጥሪ ሁሉ መጣብኝ። ከአድራሻው በታች ግን ወንድሜን አላገኘሁትም። ሲቪው የተመረቅህ ሰሞን የተጻፈ ነው፤ የ8ኛ ክፍል ውጤትህና የጠፋው ሲም ካርድህ ቁጥር አለበት፣ በፋብሪካው ያሳለፍኸው ዘመን ግን የለበትም። በሌሊት ፈረቃ አዳዲስ ሠራተኞችን ማሠልጠንህን፣ የማሸጊያ ብልሽት እንዲቀንስ ያመጣኸውን ዘዴ እኔ የማውቀው በስልክ ስለነገርኸኝ ነው፤ ቀጣሪው ከየት ያውቀዋል? ብልሽቱ ከስንት ወደ ስንት እንደወረደም በዚያን ጊዜ መዝገቡ በእጅህ ነበር፤ ዛሬ ብጠይቅህ ልታስታውሰው አልቻልህም።

«እዚህ አገር ሰው ካለህ ነው እንጂ ሲቪ ምን ያደርጋል» ብለኸኛል። ምሬትህን አልንቀውም፤ ብዙ ደጅ ጠንተሃል። ነገር ግን ሊረዳህ የሚፈልግ ሰው እንኳ ክፍት ቦታ መኖሩን ሲሰማ መጀመሪያ የሚልህ «ሲቪህን አሁኑኑ ላክልኝ» ነው፤ በዚያች ሰዓት የምትልከው ከሌለህ ያ ሰው ምን ይዞ ይናገርልህ?

ስለዚህ ወደፊት ሥራ ላይ እያለህም ሲቪህን በየሦስት ወሩ ክፈተው፤ ሥልጠና በወሰድህ፣ የብቃት ምዘና ባለፍህ ወይም ኃላፊነት በተጨመረልህ ዕለትም ወዲያውኑ ጻፈው። ማስረጃውንም መልቀቂያ እስክትጠይቅ አትጠብቅ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን አረጋግጡ የሚሉ ማስታወቂያዎች ብዙ እንደሆኑ ታውቃለህ፤ እሱንም አብረህ አስጽፈህ አስቀምጥ። ዓመተ ምሕረቱንም ለይ፤ ሐምሌ 2011 ዓ.ም. መመረቅህን እንደ ወረደ በእንግሊዝኛው ላይ ብትጽፈው፣ ጁላይ 2019 መሆኑን የማያውቅ የውጭ ድርጅት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስድሃል፣ መሃሉንም ሥራ ፈትቶ ነበር ብሎ ያነበዋል።

እዚህ የቅርቡ ሥራ ከላይ ይጻፋል፣ ብዙዎችም ከግርጌው ቀንና ፊርማ ያኖራሉ፤ በመካከል ባዶ ወራት ካሉ የት እንደነበርህ ይጠይቁሃል። እኔ ስለ መጀመሪያው ጊዜዬ ማንሳት አልፈልግም፤ ነገር ግን ከጽዳት ወጥቼ አረጋውያንን ወደ መንከባከብ የተሸጋገርሁት የቋንቋ ፈተናውን ባለፍሁበት ማታ ሲቪዬ ላይ ጨምሬው ስለነበረ ነው፤ ቦታው ሲከፈት በማግስቱ አስገባሁ። ሲቪዬን ባደስሁ ቁጥር ደግሞ የጎደለኝን አየዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ካልተጨመረ ምን መማር እንዳለብኝ አውቃለሁ።

ከሩቅ ሆኖ መምከር ቀላል ነው ትለኝ ይሆናል። አባታችን በሌለበት ሽማግሌ ስትልክ ከጎንህ መቆም የነበረብኝ እኔ ነበርሁ፤ የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ እስኪያልቅ ድረስ ግን መንቀሳቀስ አልችልም፣ ይህም ሌሊት ሌሊት ያንገበግበኛል። ረሳችን ብላችሁ እንዳታስቡ። የምልከው ገንዘብ አንድ ወር ያሻግራችሁ ይሆናል፤ ያቺ ልጅ ግን ከአንተ ጋር ብዙ ዘመን ጠብቃለችና ቀኑን ቁረጡ። ለሠርጉ የሚጎድለውን ከአሁኑ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ።

እማዬን ጤና ጣቢያ ወስደህ ግፊቷን አስለካና ቁጥሩን ጻፍልኝ፤ «ደህና ነኝ» ስትል አላምናትም። አንተም የፋብሪካውን ሥራ እንደመጣልህ በአማርኛ ጻፈውና በቴሌግራም ላክልኝ፤ እንግሊዝኛውን እኔ አስተካክልልሃለሁ። ፍላሽ ላይ ብቻ አትተወው፣ ለራስህም በቴሌግራም ላከው። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሱ እደውላለሁ፤ ያን ጊዜ አብረን እናነበዋለን።

የምትወድህ እህትህ፣
ከጀርመን