ለአንድ በር ሁለት ጥበቃ አይበቃም፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ በኤጀንሲ የተቀጠሩ የጥበቃ ሠራተኞችን የሥራ ሰዓትና ክፍያ ይመለከታል

ከየካ አባዶና ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች እስከ ገላንና ለገጣፎ መጋዘኖች ድረስ በር የሚጠብቀው ሰው ብዙውን ጊዜ ቀጣሪው የበሩ ባለቤት አይደለም። ያሰማራው ኤጀንሲ ነው፤ ደመወዙንም የሚከፍለው ኤጀንሲው ነው። ይህን የምንጽፈው በዚሁ ሥራ ላይ ያለን ጥበቃዎች፣ የፈረቃ መሪዎችና የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኞች ነን። የሚቀርቡት አቤቱታዎች በአብዛኛው ደመወዝ አነሰ፣ ዘገየ የሚሉ ናቸው። እውነት ነው፤ በደሉ ግን የሚጀምረው ገና ኤጀንሲውና ደንበኛው ውል ሲፈራረሙ ነው።

አንድ በር ቀንና ሌሊት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠበቅ 168 ሰዓት ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። 168 ለ48 ሲካፈል 3.5 ነው። በዓመት ፈቃድና በሕመም የሚተካው ሳይቆጠር ለሁለት በር 7 ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ውሉ ላይ የሚሰፍረው ግን ለአንድ በር 2 ጥበቃ ነው። ሁለቱ 12 ሰዓት እየተፈራረቁ ቢሠሩም፣ 24 ሰዓት ገብተው 24 ሰዓት ቢያርፉም ለውጥ የለውም፤ እያንዳንዳቸው በሳምንት በአማካይ 84 ሰዓት ይሠራሉ። ከመደበኛው 36 ሰዓት ይበልጣል። አዋጁ የሚፈቅደው ትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ብቻ ነው።

ለምሳሌ ደመወዙ 5,200 ብር የሆነ የሌሊት ጥበቃ እንውሰድ። ለ208 የወር ሰዓት (48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ተካፍሎ) ሲካፈል ሰዓቱ 25 ብር ይመጣል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ይገባል፤ ስምንት ሰዓቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው 4 ሰዓት ትርፍ ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ስለሚባዛ የአንድ ሌሊቱ 175፣ የስድስት ሌሊቱ 1,050 ብር ነው። ሰባተኛው ሌሊት የሳምንት ዕረፍቱ ስለሆነ 12 ሰዓቱ በ2 ተባዝቶ 600 ብር ይሆናል። በሳምንት 1,650፣ በአራት ሳምንት 6,600 ብር። ያልተከፈለው ገንዘብ ከተከፈለው ደመወዝ በለጠ። የሕዝብ በዓል ከዋለበት ማባዣው 2.5 ነው፤ ያም አይታሰብለትም።

ትርፍ ሰዓቱ ተከፍሎ ቢሆን እንኳ 84 ሰዓቱ ሕጋዊ አይሆንም። ሰባት ሌሊት በተከታታይ ያደረ ሰው ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ ይጥለዋል። የውሃ ቆጣሪ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲጠፋ ግን ማን እንደወሰደው ሳይጣራ ዋጋው በፈረቃው ጥበቃዎች ላይ ተደልድሎ ከደመወዝ ይቆረጣል። አዋጁ ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ብቻ እንደሆነ፣ ተቆራጩም ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። አንዳንድ ኤጀንሲዎች ሲቀጥሩ ባዶ ቅጽ ያስፈርማሉ፤ በኋላ የሠራተኛው ስምምነት ተብሎ የሚቀርበው ያ ነው።

ማስረጃው በየበሩ አለ፤ የርክክብ መዝገቡ ነው። ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ተረከበው፣ ሁሉም በፊርማ ይገኝበታል። ደብተሩ ሲያልቅ ግን ሱፐርቫይዘሩ ይወስደዋል፤ ሠራተኛው ሲከስ በእጁ ምንም የለም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ደብተሩ እስኪፈለግ ጊዜው ይነጉዳል።

ኤጀንሲ ሲቀየርም ያው ጥበቃ በዚያው በር እንደ አዲስ ተቀጥሮ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይጀምራል። የቀድሞው ኤጀንሲ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሒሳቡን ዘግቶ፣ ያልወሰደውን የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተምኖ ሊከፍለው ይገባ ነበር። የሚሰማው መልስ "ደንበኛው አልከፈለንም" የሚል ነው። አሠሪው ኤጀንሲው እስከሆነ ድረስ ይህ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ከመሥሪያ ቤታችሁ የምንፈልገው ከሁሉ በፊት የውሉን ዋጋ እንድትመረምሩ ነው። በላይኛው ምሳሌ 3.5 ሰው በ5,200 ብር 18,200 ይሆናል፤ የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ 2,002 ሲጨመር 20,202 ብር። የደንብ ልብስ፣ የፈቃድ ተተኪ፣ የቢሮ ወጪና ግብር ገና አልታሰቡም። ያንኑ ደመወዝ እከፍላለሁ እያለ ከዚህ ባነሰ ዋጋ 24 ሰዓት አስጠብቃለሁ የሚል ኤጀንሲ ልዩነቱን የሚያመጣው ከጥበቃው ጉልበት ነው። የመንግሥት ተቋማትና የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች ጨረታ ሲያወጡ በአንድ በር ስንት ሰው እንደሚመደብ በሰነዱ እንዲጽፉ ይደረግ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ አይታይ። ለዚህም የሚያግዘው፣ አዋጁ የሚጠቅሰው የደመወዝ ቦርድ ሥራውን ሠርቶ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ማስቀመጡ ነው።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በቀን ኤጀንሲው ቢሮ ሄዶ ፔሮል ቢያይ የሚያገኘው የተስተካከለ ወረቀት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በር ላይ ይምጣ። መዝገቡን ይይ፤ የቆርቆሮ ጎጆው ውሃና መጸዳጃ እንዳለው፣ ለክረምቱ የዝናብ ልብስና የእጅ ባትሪ መሰጠቱን ይጠይቅ። ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ ጡረታ ገቢ መሆኑም በስም ዝርዝር ይመሳከር። ኤጀንሲው አዲስ አበባ፣ በሩ ሸገር ከተማ ሲሆን አቤቱታው ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ይንከባለላል፤ የትኛው ተቀብሎ እንደሚጨርስ በጽሑፍ አሳውቁን።

የፈረቃ ድልድሎችንና የመዝገብ ቅጂዎችን ለተቆጣጣሪዎቻችሁ ለማስረከብ ተዘጋጅተናል። ቅሬታ ማቅረብ ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ ይናገራልና፣ ቅጂውን የሚያቀርቡት ጥበቃዎች ስም ለኤጀንሲዎቹ እንዳይገለጽ ከወዲሁ ማረጋገጫ ስጡን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በአዲስ አበባ ዳርቻ በጥበቃ ሥራ ላይ ያለን ሠራተኞች