አባባ፣ ተሸንፈው ዝም አይሉም

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን አሁንስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «እንግሊዞች በምርጫ ሲሸነፉ እንዴት ዝም ብለው ቤታቸው ይገባሉ?» ያሉኝ ነገር በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

ዝም አይሉም አባባ። ጩኸቱ ከአደባባይ ወደ ፓርቲው ጓዳ ስለሚገባ ነው ከሩቅ የማይሰማው።

ከቆጠራው ሌሊት ልጀምር። ሣጥኖቹ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ የስፖርት አዳራሽ ይመጣሉ። ቆጣሪዎቹ በረጅም ጠረጴዛ ይደረደራሉ፤ የፓርቲ ወኪሎች ፊት ለፊታቸው ቆመው ያያሉ፣ ወረቀቱን በጣታቸው መንካት ግን አይችሉም። የአንዱ ዕጩ ወረቀት ከሌላው እስር ውስጥ እንዳይገባ ዓይናቸውን አይነቅሉም። መራጩ በመስቀል ፋንታ ራይት ቢያደርግ እንኳ ፍላጎቱ ግልጽ ከሆነ ይቆጠርለታል፤ ክርክሩ የሚጦፈው እንዲህ ባሉት ወረቀቶች ላይ ነው። ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ፣ ውጤቱ ከመነገሩ በፊት ዕጩው ወይም ወኪሉ «ይደገም» ማለት ይችላል። አስቆጣሪው ሹም ምክንያቱ ካላሳመነው ይከለክላል። ውጤቱ ከተነገረ በኋላ የሚቀረው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፦ በ21 ቀን ውስጥ አቤቱታ ማስገባት፣ ለወጪ መያዣም እስከ 5,000 ፓውንድ ማስያዝ።

ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው የሄደ ሰው ልንገርዎ። በ1997 (የፈረንጆቹ ነው፤ የኛው 97 ሌላ ጣጣ ነው) ዊንቸስተር በሚባል የምርጫ ክልል የወግ አጥባቂው ፓርቲ ዕጩ ጄሪ ማሎን 26,100 ለ26,098፣ በ2 ድምፅ ተሸነፉ። ማኅተም ሳይመታባቸው ቀርቶ ከቆጠራ የወጡ ወረቀቶች ነበሩና ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም ምርጫውን ሰረዘላቸው። በኖቬምበር ሲደገም ያው ተፎካካሪያቸው ማርክ ኦተን በ21,556 ድምፅ አሸነፏቸው። ሕጉ ፈረደላቸው፣ መራጩ ግን «በቃህ» ያላቸው ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ በጠባብ ልዩነት የተሸነፈ ሰው ጠበቃ ከመጥራቱ በፊት ዊንቸስተርን ቢያስብ አይፈረድበትም።

ዋናው ጉድ ግን በማግስቱ ነው የሚጀምረው። የሠራተኞች ፓርቲ የሆነውን ሌበርን ይውሰዱ። ሰኔ 1983 ላይ 27.6 በመቶ ድምፅና 209 መቀመጫ ብቻ አገኘ። ከሁለት ዓመት በፊት ከራሱ የወጡት ሰዎች ከሊበራል ፓርቲ ጋር ግንባር ፈጥረው 25.4 በመቶ ደርሰውበት ነበር፤ ለሁለተኝነት እንኳ ለጥቂት ነው የተረፈው። ጽኑ ደጋፊው ምን አለ? ጋዜጦቹ አጠፉን፣ ከሃዲዎቹ ከፋፈሉን፣ የወግ አጥባቂዎቹን ጠቅላይ ሚኒስትር ታቸርን ከአርጀንቲና ጋር የተደረገው የፎክላንድ ጦርነት አዳናት። ሁሉም ውስጥ እውነት አለ፤ ተንኮሉም እዚያው ላይ ነው። የብሪስቶል መቀመጫቸውን ያጡት የሌበር ግራ ክንፍ ሰው ቶኒ ቤን ደግሞ ወደ 8 ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ ሰው ለሶሻሊስት ፕሮግራም ድምፅ መስጠቱን እንደ ድል ቆጠሩት። የሸሸውን ትተው የቀረውን መቁጠር ማለት ይህ ነው።

የሸሸውን መቁጠር ግን ይቻላል፤ አሠራሩም ቀላል ነው። ከምርጫ በፊት ደጋፊዎች በር እያንኳኩ በየቤቱ «የኛ»፣ «የነሱ»፣ «ያልወሰነ» እያሉ ይመዘግባሉ። ከምርጫ በኋላ ደግሞ ማን ድምፅ እንደሰጠ የሚያሳይ ምልክት ያለበት የመራጮች መዝገብ አለ። ማንን እንደመረጠ አያሳይም፤ መምጣቱን ብቻ ነው። ፓርቲዎች ከፍለው ቅጂውን ይወስዳሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩ፦ «የኛ» ከተባሉት ብዙዎቹ ካልመጡ ጥፋቱ የቅስቀሳና የማጓጓዝ ነው። መጥተው ከተሸነፋችሁ ግን ወይ ሌላ መርጠዋል፣ ወይ መጀመሪያውኑ የእናንተ አልነበሩም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። በር ላይ «እሺ፣ እናያለን» ያለውን ሁሉ ጽኑው ደጋፊ «የኛ» ብሎ ይጽፈዋል። የኛ ሰው «እሺ»ን እንዴት እንደሚጠቀምባት እርስዎ ያውቃሉ፤ እንግሊዞችም በዚህ ከኛ አይተናነሱም። ፓርቲውን አጥብቆ የሚወድ ሰው መልካም ቀስቃሽ ቢሆንም መጥፎ መዝጋቢ ነው።

ሌበር በ1979 ሥልጣን ካጣ ወዲህ ይህን እስኪማር 18 ዓመት ፈጀበት፤ በ1987ም በ1992ም እንደገና ተሸነፈ። የፓርቲው መሪ ኒል ኪኖክ ሚሊታንት የሚባለውን አክራሪ የግራ ቡድን አባላት አስወጣ፣ ቀዩን ባንዲራ በቀይ ጽጌረዳ ለወጠ፣ ፖሊሲውን አንድ በአንድ አስፈተሸ። ተከታዩ መሪ ጆን ስሚዝ በ1993 በዕጩ ምርጫ ላይ የሠራተኛ ማኅበራትን የጅምላ ድምፅ በአባላት የነፍስ ወከፍ ድምፅ ተካ። ከእሱ በኋላ የመጣው ቶኒ ብሌር በ1995 ከ1918 ጀምሮ የነበረውን፣ ማምረቻዎች የጋራ ሀብት ይሁኑ የሚለውን የፓርቲውን ደንብ አንቀጽ 4 አስቀየረ። ለሽማግሌ አባላት ይህ ታቦት እንደመንካት ነበር። በ1997 ግን 418 መቀመጫ መጣ። በተራቸው የተሸነፉት ወግ አጥባቂዎችም በ165 መቀመጫ ቀርተው፣ ከአራት ዓመት በኋላ ያገኙት ጭማሪ አንድ ብቻ ነበር።

ሰው ግን ይረሳል። ሌበር በ2017 ዳግም ተሸንፎ 262 መቀመጫ ሲያገኝ፣ የተፈራውን ያህል ስላልወደቀ ብቻ ደጋፊው እንዳሸነፈ ጨፈረ። ያልተሸነፈ የመሰለው ደግሞ መዝገብ አይፈትሽም። በ2019 ወደ 202 ወረደ፤ ከ1935 ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም።

አሁን ከሰፈር ጓደኞችዎ ጋር ሲከራከሩ የዊንቸስተሯን ሁለት ድምፅ ያንሱላቸው፤ አያምኑዎትም። ለእማማ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ መድኃኒትዎንም ሰዓቱን ጠብቀው ይውሰዱ።

አክባሪ ልጅዎ