ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው፣ ፊዚዮቴራፒው ግን አንድ ሰዓት

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ላይ ስለ ስትሮክ ስትጽፉ ብዙ ጊዜ አነባለሁ፣ ግን ሁሌም ስለ ደም ግፊትና ስለ ጨው ነው፣ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ቤተሰብ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አላየሁም። እኛ ባለማወቅ ያጠፋነውን ሌላው እንዳይደግመው ብዬ ነው የምጽፈው።

እማዬን ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ፊዚዮቴራፒ የሚባለው የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና በሳምንት ሁለቴ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ታዘዘላትና በላዳ ማመላለስ ጀመርን። እኛ የመሰለን በቃ እዛ ሄዳ ታሽታ፣ ማሽን ተደርጎላት ስትመለስ ሕክምናው አለቀ ነው። ቤት ስትገባ ሶፋ ላይ እናስቀምጣታለን፣ ጠያቂ ይመጣል፣ ሁሉም "አይዞሽ እንዳትነሺ" ይላታል፣ ምግቧን እናጎርሳታለን፣ ውሃ እንኳን እኛው ይዘን ነው የምናጠጣት። ፍቅር ነው እኮ። ግን ሁለት ወር ሙሉ እጇ ላይ ለውጥ የለም፣ ጭራሽ ትከሻዋን ያማት ጀመር።

አንድ ቀን የምታክማት ልጅ "ቤት ውስጥ እንዴት ነው የምታነሷት?" ብላ ጠየቀችን፣ አሳየናት፣ የደከመውን እጇን ይዘን ሳብ። ልጅቷ ደነገጠች። ለካ ጡንቻው ሲደክም ክንዱን ትከሻው ላይ አጥብቆ የሚይዘው ስለሌለ ሲጎተት ወደ ታች ይወርዳል፣ ሕመሙንም ያመጣነው እኛው ነን። ከዛ ወዲህ ወገቧን ደግፈን ነው የምናነሳት፣ ስትቀመጥም ክንዷ እንዳይንጠለጠል ከስሩ ትራስ እናደርጋለን። ይሄን ለመናገር 2 ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ የመጀመሪያው ቀን ግን ማንም አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ቀጥላ "ጉርሻ አቁሙ" አለችን። እናቴ እንጀራ መቁረስ አቅቷት ስትታገል ቁጭ ብዬ ማየት እንዴት እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ነገሩ ወዲህ ነው፣ ስትሮክ የጎዳውን የአንጎል ክፍል ሥራ ያልተጎዳው ክፍል ሊለምደው የሚችለው እጁ ራሱ ሲሠራ፣ ያንኑ ነገር ደጋግሞ ደጋግሞ ሲሠራ ነው፣ ማሸት ብቻውን አያስተምረውም። ስለዚህ አሁን ጠዋት ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ 10 ጊዜ፣ ትንሽ አረፍ፣ ከዛ እንደገና። ትንፋሿን ይዛ እንዳትታገል ጮክ ብላ ነው የምትቆጥረው። ከሰዓት በቀኝ እጇ ምስር ትለቅማለች፣ ቡና ሲፈላ ባዶውን ስኒ የምትደረድረው እሷ ናት። እንቅስቃሴውን ባለሙያዋ ስታሠራት አስፈቅደን በስልክ ቀርጸነዋል፣ ቤት ያለ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ያሠራታል። ምኗን እንዳመማት፣ ምን እንዳቃታትም ደብተር ላይ ጽፈን ነው የምንሄደው፣ ያቺ ግማሽ ሰዓት በ"እንዴት ሰነበታችሁ" እንዳታልቅ።

ከከተማ ርቆ ላለ፣ የትራንስፖርቱንና የሕክምናውን ብር ለማይችል ሰው ደግሞ ይሄ የቤቱ ነገር የበለጠ ያስፈልገዋል፣ በወር አንዴ እንኳን ቢደርስ "ቤት ምን እናሠራው?" ብሎ ጠይቆ መመለስ አለበት።

እማዬ አሁን በከዘራ በረንዳ ትወጣለች፣ ጣቶቿ ገና ናቸው።

ጳጉሜ 3 የዓለም የፊዚዮቴራፒ ቀን ነው፣ የሩፋኤል ዕለት ማለት ነው። እባካችሁ ለዛ ቀን ባለሙያ ጠይቃችሁ ስትሮክ የመታውን ሰው እንዴት ማንሳት፣ እንዴት ማስተኛት እንዳለብን በሥዕል አድርጋችሁ አንድ ገጽ አውጡልን፣ ቆርጠን ግድግዳ ላይ እንድንለጥፈው።

አንባቢያችሁ፣ ከጎፋ