ከወተቱ በፊት ፋጉሎው ይመርመር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባዕድ ነገር ስለተቀላቀለባቸው ምግቦች ያወጣችሁትን ዘገባ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ቅቤን በሙዝ፣ በርበሬን በሸክላ ዱቄት፣ ማርን በስኳር እያበዙ የሚሸጡ ሰዎች ተይዘው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ሆኖም ሱሉልታ አካባቢ በሚገኝ የወተት መረከቢያ ጣቢያ ለዓመታት እንደሠራ ሰው፣ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ማንም ሆን ብሎ ያልጨመረው፣ በዓይንም በአፍንጫም የማይለይ ብክለት ነው። የምናገረው ሻጋታ ስለሚያመነጨው መርዝ፣ ስለ አፍላቶክሲን ነው።

ማለዳ ገበሬው ወተቱን ይዞ ሲመጣ በመጀመሪያ ክዳኑን ከፍተን እናሸታለን። ቀጥሎ በረጅም መስፈሪያ ቀድተን የወተት መለኪያውን ላክቶሜትር እንጥልበታለን፤ ከልኩ አልፎ ከሰመጠ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። በመጨረሻም ጥቂት ወተት ከእኩል መጠን አልኮል ጋር በጥብጠን እናያለን፤ ፍርፍር ብሎ ከረጋ መኮምጠር ጀምሯልና ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ውኃ የሚጨምረውንና ያደረ ወተት የሚቀላቅለውንም በደንብ ያጋልጣል። ነገር ግን አፍላቶክሲን የወተቱን ሽታም፣ ጣዕምም፣ ክብደትም ስለማይለውጥ ከሦስቱ ምርመራዎች አንዱም አያገኘውም።

ደንበኞቻችን «አፍልቶ የጠጣ ምን ይሆናል?» ይሉናል። ለሌላው ሕመም አባባላቸው ትክክል ነው። ወተትን በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ሴኮንድ ማሞቅ የከብት ሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ጥሬ ወተት መጠጣት የሚወዱ ዘመዶቼን የምቆጣውም ስለዚሁ ነው። አፍላቶክሲን ግን ሻጋታ የሚያመነጨው ኬሚካል እንጂ ነፍስ ያለው ተሕዋሲ ባለመሆኑ ቢያፈሉትም አይጠፋም፤ ወተቱ ወደ እርጎና ወደ አይብ ሲለወጥም አብሮ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ ወደ ሰውነት ሲገባ የጉበት ካንሰር እንደሚያስከትል የታወቀ ሲሆን፣ ወተት ዋነኛ ምግባቸው የሆነ ሕፃናት ይበልጥ ይጋለጣሉ።

መነሻው ጥገቷ ላም የምትበላው መኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተካሄደ ጥናት 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ መርዙን አግኝቷል። ከወተቶቹ ውስጥ የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያልበለጡት 9 ብቻ ሲሆኑ፣ 29ኙ ደግሞ ከዚያ አሥር እጥፍ የላላውን የ0.5 ማይክሮግራም ወሰን ሳይቀር አልፈዋል። በመኖው በኩል ብክለቱ ጎልቶ የተያያዘው ከኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ኑጉ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ ከሚቀረው ጭማቂ አልባ ተረፈ ምርት ጋር ነበር። ፋጉሎ ወተት ስለሚጨምር ገበሬው አይተወውም፤ ተው ማለትም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ያለፈው ክረምት ለራሴ ሁለት ላሞች ፋጉሎ ልገዛ አንድ መጋዘን ገብቼ ነበር። ጆንያዎቹ በሲሚንቶው ወለል ላይ በቀጥታ ተደርድረዋል፤ ግድግዳው አልቧል፤ ከታች ያለውን ጆንያ ስነካው እጄ ረጠበ፤ የተፈታው ፋጉሎ ደግሞ አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል። ለሻጩ ባሳየው «ሰው አይደለም የሚበላው፣ ላም ናት» አለኝና የሻገተውን በአካፋ ከደህናው ጋር ደባለቀው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ላሟ የበላችው በማግስቱ ወተቷ ውስጥ እንደሚገኝ የነገረው የለም።

ጥናቱ በዜና በተነገረ ጊዜ የከፈለው ይህን ሰንሰለት የማያዝበት ገበሬ ነበር። ሸማቹ ወተት መግዛት ተወ፤ ጾም ሳይገባ የጾም ገበያ ሆነ፤ ገበሬዎች የጠዋቱን ወተት መልሰው ወደ ቤት ሲወስዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ድንጋጤው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ የፋጉሎው አቀማመጥ ግን አልተለወጠም።

ስለዚህ ሐሳቤ ምርመራው ከዘይት መጭመቂያዎችና ከጅምላ አከፋፋዮች ይጀመር የሚል ነው። አንድ ጭነት ፋጉሎ የመቶ ላሞች ወተት ሊበክል ስለሚችል፣ ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙና ወስዶ በፈጣን መመርመሪያ ማየት ከመቶ ገበሬ ወተት መልቀም ይቀላል፤ ወጪውም ያንሳል። ጆንያውን ከወለል አንሥቶ ጣውላ ላይ መደርደርና ከግድግዳ ማራቅማ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። መኖውን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን፣ ለሰው የሚሸጠውን ምግብ የሚቆጣጠረው ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለሆነ፣ የአንዱ የምርመራ ውጤት ሳይውል ሳያድር ለሌላው መድረስ አለበት። ለገበሬውም ተስፋ አለው፦ ላሟ ንጹሕ መኖ ከጀመረች በጥቂት ቀናት ውስጥ መርዙ ከወተቷ ይጠፋል።

ዘጋቢያችሁን ወደ ፋጉሎ መጋዘኖች እንድትልኩልን እጠይቃለሁ። የሚሄድ ከሆነ በነሐሴ ይሂድ፤ በበጋ ቢገባ ሁሉም ደርቆ ይጠብቀዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የወተት መረከቢያ ጣቢያ ሠራተኛ፣ ከሱሉልታ