ካምቢዮ ከመግዛት በፊት ዘይቱ ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አሮጌዋን ቪትዝ ወይም ኮሮላ እየጠገኑ መንዳት ግድ ሆኗል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ ሲቀይር ከገጨ ወይም ከዘገየ ግን እዚህ አዳማ ቶሎ የሚሰማው መልስ «ካምቢዮው አልቋል፣ ያገለገለ ይገዛ» የሚል ነው። ምን ተለክቶ? ባለመኪናው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ጥያቄ መጠየቅ እንዲችል የሚከተለውን ብታትሙልን።

ከዘይቱ ይጀመር። መለኪያ ዘንግ ባለው ቶዮታ መኪናው 20 ደቂቃ ያህል ተነድቶ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ከፒ እስከ ኤል ደርሶ ወደ ፒ ይመለሳል። ዘንጉ ተጠርጎ ሲነከር ዘይቱ «ሆት» ከሚለው ሁለት ምልክት መሃል መድረስ አለበት። ጠዋት በብርድ ለክቶ «ጎድሏል» ብሎ የሚሞላ ሰው ትርፍ እየጨመረ ነው። ትርፍ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም፤ ማርሹም ያንሸራትታል። ሆንዳ ላይ ግን የሚለካው ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ነው። ሲቪቲ ካምቢዮ (በማርሽ ፋንታ በቀበቶ የሚሠራ) ያላቸው ቪትዞች ዘይታቸውም አሠራራቸውም ሌላ ስለሆነ እዚህ ውስጥ አይግቡ።

ቀይ ዘይት ደህና ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ካምቢዮው ውስጥ ኃይል የሚያስተላልፉት የፍሪሲዮን ሸራዎች ተበልተዋል። ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ከመሰለ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውሃ ገብቷል፤ ያ መኪና ሞተሩ እንኳ መነሳት የለበትም።

ዘይት ሲቀየር ከ7 ሊትር ገደማ ውስጥ በማፍሰሻው ብሎን የሚወጣው 3 ሊትር ያህል ብቻ ነው። የፈሰሰውን በጆግ ለክቶ ያንኑ ልክ መሙላት፣ ጥቂት ቀን ነድቶ መድገም ይሻላል። ቲ-4 (የቶዮታ የካምቢዮ ዘይት ዓይነት) የሚል መኪና ላይ ያገኙትን ቀይ ዘይት መጨመር ግን ቁጠባ አይደለም። የዘይት መያዣው ሲወርድ ማግኔቱ ላይ የሚገኝ ግራጫ ልም ዱቄት የተለመደ ነው፤ የብረት ፍቅፋቂ ከተገኘ ግን ወሬው ሌላ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ተርሞስታት ነው፤ የሞተሩን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚያሳልፍና የሚዘጋ ቫልቭ ማለት ነው። በከተማችን ሙቀት የተነሳ ሞተር እንዳይግል ብለው አውጥተው የሚጥሉት አሉ። ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ ካልደረሰ ኮምፒውተሩ ገና ብርድ ነው ብሎ 4ኛ ማርሽ አይለቅም፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ ሞተሩ እየጮኸ ቤንዚን ይበላል። ካምቢዮ ተብሎ የሚፈታው ሁሉ ካምቢዮ አይደለም! ተርሞስታት ከካምቢዮ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ነው። ዲ ወይም አር ሲገባ «ጓ» የሚል ድምፅም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ከተበጣጠሰ የሞተር ሱፖርት ጎማ ይመጣል።

ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» (ኦቨርድራይቭ ጠፍቷል) የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩ ጥፋቱን መዝግቧል። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ከመሪው ሥር ባለው ባለ16 ቀዳዳ ሶኬት 4ኛውንና 13ኛውን በሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሞተር ሳያስነሱ መክፈት ነው፤ መብራቱ ቁጥሩን ይቆጥራል። 6 ጊዜ ብልጭ ብሎ ትንሽ ቆይቶ 2 ጊዜ ከደገመ 62 ነው፣ ማለት የ1ኛው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የዘይቱን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) መስመር፤ 63 የ2ኛው፣ 42 የፍጥነት ሴንሰሩ። 16ኛው ቀዳዳ ቀጥታ የባትሪ መስመር ስለሆነ እንዳይነካ። ከዚያ በቴስተር ይለካ፦ ማርሽ ቀያሪው ሶሌኖይድ ከ11 እስከ 15 ኦም ማሳየት አለበት። ከዚህ ከራቀ፣ ሶሌኖይዱ ከመገዛቱ በፊት ሽቦውና ሶኬቱ ይታዩ።

በሰዓት የሚለካም አለ። ሞተሩ ሞቆ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ከኤን ወደ ዲ ሲገባ ከ1.2 ሰከንድ፣ ወደ አር ከ1.5 ሰከንድ በላይ ከዘገየ ግፊቱ ደክሟል ወይም ሸራው አልቋል። በየሙከራው መሃል 1 ደቂቃ ይጠበቅ። ለሙከራ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ረግጦ ቤንዚን ሙሉ መስጠት የሚወዱ መካኒኮች አሉ፤ ከ5 ሰከንድ ካለፈ የነበረውንም ደህና ካምቢዮ ያቃጥላል።

ወደ አሰላ ሽቅብ ሲወጣ፣ ዘይቱ በልኩ እያለ፣ ሲሞቅ በሁሉም ማርሽ የሚያንሸራትትና የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ መካኒኩ እውነቱን ነው። ያኔም የሚገዛው ያገለገለ ካምቢዮ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ወይም በር ላይ ባለው ሰሌዳ ከተጻፈው የካምቢዮ ኮድ ጋር ይመሳከር፤ ዘይቱም ሳይከፈልበት ይሸተት።

የጋራዥ ባለሙያዎች፣
ከአዳማ